በጣና ዳር ጤና ኬላዎች የሕፃናትን አእምሮና እንቅስቃሴ ዕድገት ለመከታተል በምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ ዘጌ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው ባሕር ዳር ዙሪያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። በሥራችን አምስት ጤና ኬላዎች አሉ፤ ሦስቱ ሐይቁ ዳር፣ አንዱ ደሴት ላይ፣ አንዱ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚከበው ሜዳ ላይ። ሕፃናቱን እንመዝናለን፣ ክንዳቸውን እንለካለን፣ እንከትባለን። ልጁ መቼ እንደተቀመጠ፣ ምን ቃል እንዳወጣ፣ ሲጠሩት ይዞር እንደሆነ ግን የሚጠይቅም የሚጽፍም የለም። ችግር ያለበት ልጅ ወደ እኛ የሚደርሰው ሦስት አራት ዓመት ከሞላው በኋላ «አፉን አልፈታ አለ» ወይም «አልሄድ አለ» ተብሎ ነው።

አውስትራሊያ፣ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ውስጥ ከከተማ ርቀው ያሉ የአቦርጂናል ማኅበረሰብ ክሊኒኮች «ኤኤስኪው-ትራክ» በሚባል መጠይቅ የልጆችን ዕድገት እንደሚከታተሉ አነበብኩ። በዝናብ ወቅት መንገድ የሚቆረጥባቸው፣ ባለሙያ የማይበረክትላቸው ቦታዎች ስለሆኑ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለ ብዬ ነው። ተርጉመን ብንጀምር ያዋጣል? ካላዋጣስ በምን እንጀምር? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ በሥራ ተወጥረዋል፤ ለአንድ ልጅ ከአሥር ደቂቃ በላይ ጨምሩ ብል የሚሆን አይደለም። ደሴት ላይ ያለችን እናት ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ ጀልባ አሳፍሬ ከተማ ለከተማ ማንከራተት አልፈልግም። የምታውቁ በዝርዝር መልሱልኝ።

መልስ፦ ደንገል

መጀመሪያ መጠይቁ ምን እንደሆነ እንነጋገር። መሠረቱ አሜሪካ የተሠራው «ኤኤስኪው-3» ነው። ከ1 ወር እስከ 66 ወር ለ21 የዕድሜ እርከን ለየብቻ የተዘጋጀ ቅጽ አለው። በእያንዳንዱ ቅጽ አምስት ዘርፍ አለ፦ መግባባት፣ ትልልቅ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የእጅና የጣት እንቅስቃሴ፣ ችግር መፍታት፣ ራስን መርዳትና ከሰው ጋር መኗኗር። በየዘርፉ ስድስት ጥያቄ ይጠየቃል። «አዎ» 10፣ «አንዳንዴ» 5፣ «ገና ነው» 0 ያስገኛል፤ የአንዱ ዘርፍ ጣሪያ 60 ነው ማለት ነው። ቅጹን የሚሞላው ወላጁ ራሱ፣ እያነበበ ነው።

የአቦርጂናል ማኅበረሰቦቹ ጋ ሲደርስ ይህ አካሄድ ተለወጠ። እርከኖቹ ወደ ሰባት ወረዱ፦ 2፣ 6፣ 12፣ 18፣ 24፣ 36 እና 48 ወር። ወላጅ የሚሞላው ቅጽ መሆኑ ቀርቶ ባለሙያ እየጠየቀ፣ ሥዕልና ዕቃ እያሳየ፣ ልጁ ሲያደርገው አብሮ እያየ የሚሞላ ሆነ። ቃላቱ ቀለሉ፣ ወደ አካባቢው ቋንቋ ተመለሱ። በንግግሩ መሐል ደግሞ የማኅበረሰቡ ተወላጅ የሆነ የጤና ሠራተኛ አለ። እኛ የሚጠቅመን ይህ አሠራራቸው ነው፤ ወረቀቱን ግን እንዳለ አንውሰደው።

ምክንያቱም አንደኛ፣ ኤኤስኪው ባለቤት ያለው ነው፤ ያለ አሳታሚው የጽሑፍ ፈቃድ መተርጎምም ማባዛትም አይቻልም። ሁለተኛውና ዋናው፣ «ይህ ልጅ ወደኋላ ቀርቷል» የሚለው መስመር የተሰመረው ከአሜሪካ ልጆች አማካይ በሁለት መደበኛ ልይይት (የልጆቹ ነጥብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳይ ልኬት) ዝቅ ብሎ ነው። ጥያቄዎቹ ደረጃ መውረድን፣ በሹካ መብላትን ይጠይቃሉ። ደቅ ደሴት ላይ ደረጃ አይቶ የማያውቅ ልጅ 0 ሲያገኝ ከ60ው ላይ 10 የጎደለበት በቤቱ አሠራር ነው፤ ስለ እግሩ የሚነግረን ነገር የለም።

ለእኛ የሚቀርቡ አሉ። ጅማ ላይ ለኢትዮጵያ ልጆች ተስማምቶ የተዘጋጀ «ዴንቨር 2-ጅማ» አለ፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። 125 ተግባር አለው፣ ልጁን ፊት ለፊት የሚፈትን የሠለጠነ ሰውና ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። የማላዊው «ኤምዳት» ደግሞ በገጠር ልጆች ላይ የተሠራ ስለሆነ ዕቃውም ጥያቄውም ለጣና ዳር ልጅ እንግዳ አይሆንበትም፤ አራት ዘርፍ፣ በየዘርፉ 34፣ በድምሩ 136 ተግባር ነው። ሁለቱም ለጤና ኬላ ይረዝማሉ። ለጤና ጣቢያ፣ ያውም ተጠርጥሮ ለተላከ ልጅ ብቻ ከሆነ ግን ይሠራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣውን «ጂኤስኢዲ»ንም ይዘው የሚመጡ ይኖራሉ። እስከ 36 ወር ያሉ ልጆችን በጅምላ ለመለካት፣ ለምሳሌ የአንድን ወረዳ ልጆች ከፕሮግራም በፊትና በኋላ ለማነጻጸር የተሠራ ነው። በእሱ አንድን ልጅ «ችግር አለበት» ማለት ያልተሠራበት ሥራ ነው፤ ተጠንቀቁ።

ስለዚህ በሁለት ደረጃ ክፈሉት። ኬላው ላይ አጭር ንግግርና ጥቂት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች፤ ጤና ጣቢያው ላይ በኤምዳት ወይም በዴንቨር የሠለጠነ አንድ ሰው። ያ ሰው ሳይኖር ኬላዎቹን አታስጀምሩ። ኬላው ልጁን አግኝቶ የሚቀበለው ከሌለ እናቲቱ ጭንቀት ብቻ ተሸክማ ትመለሳለች።

መልስ፦ የኬላ ጉዳይ

ደንገል ባሉት እስማማለሁ፤ እኔ «መቼ» እና «እንዴት» የሚለውን ልጨምር።

አዲስ ቀጠሮ አትፍጠሩ። እናት ልጇን ይዛ የምትመጣባቸው ቀኖች አሉ፦ ክትባቱ በተወለደ ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር ነው፤ ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይሰጣል። ከእነዚህ አራቱን ብቻ ያዙ፦ 14 ሳምንት፣ 9 ወር፣ 15 ወር፣ 24 ወር። በ6 ሳምንቱ አለመጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ብዙ እናት ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አትወጣም፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ነው። 6 ሳምንት 42 ቀን፣ 10 ሳምንት 70 ቀን ስለሆነ የሴቷ ሁለት ክትባት ከክርስትናዋ በፊት ይውላል፤ ኬላ ላይ ካልመጣች ባለሙያዋ ቤቷ ሄዳ ታያታለች። 14 ሳምንት ሲሆን 98 ቀን ነው፤ ሁለቱም ወጥተዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ዕድሜ። ጳጉሜን እንደ አንድ ወር የሚቆጥር ባለሙያ በየዓመቱ አንድ ወር ይጨምራል፤ የ24 ወሩን ልጅ 26 ያደርገዋል፣ ከዚያ «ዘግይቷል» ይለዋል። ምሳሌ፦ ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜን 6 ቀን (2015 ዓ.ም. ላይ ስድስት ነበረች)፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 5፤ በድምሩ 51 ቀን፣ ማለትም 1 ወር ከ21 ቀን። ወሮቹን በጣቱ የቆጠረ ሰው ግን «ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት» ብሎ 2 ወር ተኩል ያደርሰዋል። በዚህ ዕድሜ ላይ ይህ ልዩነት ብዙ ነው። ሁልጊዜ የተወለደበት ዕለት በዓመቱ ሲደርስ 12 ወር በሉ፤ ትርፉን ወር ቁጠሩ፤ ጳጉሜን በቀን እንጂ በወር አትደምሩ። እርከን የሚጠቀም መጠይቅ ላይ ደግሞ ስሕተቱ ቅጹን ራሱን ያስለውጣል፤ ለምሳሌ የኤኤስኪው-3 የ12 ወር ቅጽ የሚያገለግለው ከ11 ወር ከ0 ቀን እስከ 12 ወር ከ30 ቀን ነው።

እናት ቀኑን ካላወቀች «መቼ ተወለደ?» ብሎ መድረቅ ዋጋ የለውም። «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ለሚካኤል ነው ለማርያም?» ብላችሁ ብትጠይቁ በሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ትነግራችኋለች። ከዚያ ቀኑን በክትባት ካርዱ ላይ ጻፉት፤ በየቀጠሮው እንደ አዲስ አትጠይቋት።

አጠያየቁ። «መቀመጥ ይችላል?» የሚል ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። ባለሙያን አለማሳፈር ጨዋነት ነው፤ ባይችልም አዎ ትላለች። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ የዓይን ነገር ስለሚያሰጋት ልጇ የሚችለውን ሁሉ ላትናገር ትችላለች፣ በሰው ፊት ደግሞ ጭራሽ። ስለዚህ ክፍት አድርጋችሁ ጠይቁ፣ ሲነገራችሁም «እደግ፣ ያሳድግልሽ» በሉ። ለ9 ወር ልጅ ንግግሩ ይህን ይመስላል፦

«እታለም፣ ሲፈልግሽ በምን ታውቂያለሽ?»
«ያለቅሳል፣ እጁን ይዘረጋል።»
«ያለቅሳል፣ እጁን ይዘረጋል፤ እሺ። ድምፅስ? ምን ምን ያሰማል?»
«ባባ፣ ዳዳ እያለ ይውላል።»
«እደግ! መሬት ስታስቀምጪው ምን ያደርጋል?»

መልሱን ደግማችሁ ስትነግሯት ታርማችኋለች ወይም ትጨምርላችኋለች። ቱርክ ውስጥ የተዘጋጀው «ጂኤምሲዲ» የሚባለው መመሪያ ከወላጅ ጋር በእንዲህ ያለ ክፍት ጥያቄ የሚሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአራት አገሮች የተደረገ ጥናት ወጥቶበታል። ሥልጠናው ከተገኘ ለኬላ የሚመቸው እሱ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀኑን ሙሉ ልጁን የምታዝለው ማን ናት? ብዙ ጊዜ አያት ወይም ታላቅ እህት ናት፤ የስምንት ዓመቷ ልጅ እናቲቱ ያላየችውን ታውቃለች። አብራ ከመጣች እሷንም ጠይቁ። በነገደ ወይጦ መንደሮች ውስጥ ከሆነም ጠያቂዋ ወይም አብራት የምትሄደው ከዚያው ማኅበረሰብ ብትሆን እወዳለሁ። ለረጅም ጊዜ ሲገለል የኖረ ሰው ስለ ልጁ ጉድለት ለማያውቀው እንግዳ አይናገርም፤ የአቦርጂናል ክሊኒኮቹ የራሳቸውን ሰው መሐል ያስገቡትም ለዚሁ ነው።

ዘጌ ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የጳጉሜኗ ነገር ዛሬውኑ ለሁሉም ኬላ የሚነገር ነው። አሁን ምልክቶቹን በዕድሜ ልክ ብትነግሩኝ፤ ዕቃም ከየት እንደሚገኝ። በጀት የለንም።

መልስ፦ ፊዚዮ

ዕቃው ከዶላር ጋር አይገናኝም። አንድ አናጢ ስድስት የእንጨት ኩብ በየገጹ 2.5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይቁረጥላችሁ፤ ጠርዙን በደንብ ይላገው፣ ቀለም ግን አይቀባው፤ ልጅ አፉ ይከተዋል። ቀይ ክር ጠቅልላችሁ በገመድ አንጠልጥሉ፣ ለዓይን ክትትል ነው። ክዳኑ በፕላስተር የታሸገ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎ ጨምራችሁ ማንኳኳያ አድርጉ። አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ፣ ዕቃ ለመደበቅ የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ፣ ደብተርና እርሳስ። ይኸው ነው። በአንድ ከረጢት አድርጉት፤ ሲገባም ሲወጣም ኩቦቹ ይቆጠሩ፤ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሸጋገር በሳሙና ይታጠብ። ሽንብራና ኦቾሎኒ ለሙከራ አትጠቀሙ፣ ያንቃል። የዳቦ ፍርፋሪ ይበቃል።

ለእንቅስቃሴ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው መስኮት፣ ማለትም ጤነኛ ልጆች አንድን ችሎታ የሚያገኙበት የዕድሜ ክልል፣ አለ። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ዕቃ ይዞ መቆም ከ4.8 እስከ 11.4፣ ለብቻ መቆም ከ6.9 እስከ 16.9፣ ለብቻ መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ነው። የሚያሳስበው የመስኮቱ መጨረሻ ነው። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ሄደ ተብሎ የ14 ወሩን ልጅ መላክ አይገባም። በእጅና በጉልበት መዳህ መስኮቱ ከ5.2 እስከ 13.5 ነው፤ ነገር ግን በዚያው ጥናት 4.3 በመቶ የሚሆኑት ልጆች በዚህ መልክ ሳይድሁ ነው የሄዱት። በእኛ አገር ልጅ ቀኑን በአንቀልባ ስለሚውል በደረት የመተኛትና የመዳህ ዕድሉ ያንሳል፤ «አልዳኸም» የሚለው ብቻውን ምልክት አይሁን።

በየቀጠሮው እነዚህን እዩ። በ14 ሳምንት፦ ፊትሽን ያያል? ስትስቂለት ይስቃል? ቀዩን ክር በዓይኑ ይከተላል? በደረቱ ሲተኛ ራሱን ያነሳል? በ9 ወር፦ ያለ ድጋፍ ይቀመጣል? ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያዛውራል? «ባባ፣ ዳዳ» ይላል? ስሙ ሲጠራ ይዞራል? በ15 ወር፦ ዕቃ ይዞ ይቆማል? በጣቱ እያመለከተ ያሳያል? «ና»፣ «ስጠኝ» ሲሉት ይገባዋል? በ24 ወር፦ ይሄዳል? ሁለት ቃል አገናኝቶ «ውሃ ስጠኝ» ይላል? ሰው የሚሠራውን ያስመስላል? እንጀራ ራሱ ቆርሶ ይበላል? በ18 ወር ያልሄደ ወይም አንድም ቃል የሌለው ልጅ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ይታይ።

ጣትን ማየት ጥበብ ይፈልጋል፤ ትንሽ ላብራራው። ልጁን እናቱ ጭን ላይ አስቀምጡት፣ ክርኑ ነፃ ይሁን። ፊቱ ንጹሕ ትሪ አድርጋችሁ አንድ ፍርፋሪ አስቀምጡ። በ6 እና በ7 ወር ገደማ በመዳፉ ጠርጎ ያፍሳል። ወደ 9 ወር ሲደርስ አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጎን ጋር ያጋጥማል። ከ10 እስከ 12 ወር በሁለቱ ጣቶች ጫፍ ለቅሞ ያነሳል። አንዴ ካያችሁ በኋላ ያነሳበትን እጅ በቀስታ ያዙና በሌላኛው ይሞክር። ልጅ ከዓመቱ በፊት ቀኝ ወይም ግራ እጁን መርጦ ሌላውን ጨርሶ የማይጠቀም ከሆነ «ግራኝ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ የአንድ ጎን ድክመት ሊሆን ይችላል። ከ4 ወር በኋላ ቡጢው የማይፈታም እንደዚያው።

ፈተናው የሚበላሸው በተራ ነገር ነው። ከመርፌ በኋላ የሚያለቅስ ልጅ ምንም አያሳያችሁም፤ ስለዚህ ክትባት ከመሰጠቱ በፊት። የተራበ፣ የተኛ፣ ያተኮሰው ልጅ ለሌላ ቀን። በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ይፈታ። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ በመጀመሪያ ወደ ምግብ ሕክምናው ይሂድ፤ ጉልበት የሌለው ልጅ አይጫወትም፤ ዕድገቱን ካገገመ በኋላ እንደገና ታዩታላችሁ።

ሳይውል ሳያድር የሚላከው የትኛው ነው? ይችል የነበረውን ያጣ ልጅ በማንኛውም ዕድሜ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ አንድ ጎኑ የደከመ፣ ለድምፅ ፈጽሞ የማይነቃ፣ ዓይኑ የማይከተል፣ ራሱ ከመጠን በላይ እየተለቀ የሚሄድ። እነዚህ ወር አይጠብቁም። ጀልባም ቢሆን፣ ነፋስ የማይነሳበት ጠዋት መርጣችሁ ላኩ። ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሚሻገር ከሆነ የሕፃናት ስፔሻሊስት የሚያይበትን ቀን አስቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ፤ ከደሴት ተነስታ «ዛሬ አይደለም» የተባለች እናት ሁለተኛ ላትመጣ ትችላለች።

መልስ፦ ጆሮና አፍ

ከላይ ያለው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ጆሮ ጎድሎታል። ራቅ ባሉ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች የመሐል ጆሮ ኢንፌክሽን ገና በጨቅላነት የሚጀምርና በዓለም ላይ በጣም ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዕድገት ሲከታተሉ ጆሮ ሳያዩ አይሄዱም፤ ምክንያቱም የማይሰማ ልጅ በመግባባት ዘርፍ ይወድቃል፣ ጥፋቱም የአእምሮው ይመስላል። እኛም ጋ ጆሮው የሚመግል ልጅ ሞልቷል፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ይባላል።

በኬላ ደረጃ ማድረግ የምትችሉት፦ ከ9 ወር ጀምሮ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጥ። አንድ ሰው ፊት ለፊት በጨርቅ ወይም በማንኪያ ቀልቡን ይያዝ፣ ከዚያ ዕቃውን ዝቅ አድርጎ ይደብቅ። ሌላው ከኋላ፣ ከጆሮው ትይዩ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ልጁ በዓይኑ ጥግ በማያየው ቦታ ሆኖ በለሆሳስ «ስስስ» ይበል፤ ሌላ ጊዜ «ኡኡ»። አንዱ ቀጭን ድምፅ፣ አንዱ ወፍራም ነው፤ ለየብቻ ሊጎድሉ ስለሚችሉ ሁለቱም ይሞከሩ። በእያንዳንዱ ጆሮ ከሦስቱ ሁለቴ ከዞረ ጥሩ ነው። ጥላችሁ ፊቱ ላይ አይውደቅ፣ ወለሉን አትርገጡ፣ አታጨብጭቡ፤ በነፋሱና በንዝረቱ ዞሮ ያታልላችኋል። እናቲቱም እንዳትጠቁመው ንገሯት።

«ደወል ሲደወል ይደነግጣል» የሚል መልስ አትቀበሉ። የከበሮና የደወል ድምፅ መካከለኛ የመስማት ችግር ያለበት ልጅም ይሰማዋል፤ የሚያመልጠው የንግግር ድምፅ ነው።

የሚመግል ጆሮ ካገኛችሁ መጀመሪያ ስንት ቀን እንደሆነው ጠይቁ። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ የቆየ ነው። ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠምዝዞ ጆሮው ውስጥ ማስገባት፣ ሲረጥብ ማውጣት፣ በደረቅ መተካት፣ እስኪደርቅ ድረስ፤ ይህ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው። እናቲቱ ፊታችሁ አንዴ ትሥራው። ካልደረቀ ጠብታው ውስጥ አይደርስም፤ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ «አልሠራም» የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይትም ወተትም አይጨመር። ጆሮው እስኪደርቅ ልጁ ሐይቅ ውስጥ አይዋኝ። ንግግሩን ደግሞ ከወር በኋላ እንደገና እዩ።

መልስ፦ ደንገል

ነጥብ ስለመስጠት አንድ ነገር ልጨምር፤ ጤና ጣቢያው ላይ ወደፊት መግባቱ አይቀርም። አምስት ዘርፍ ያለው መጠይቅ ላይ መስመሩ በሁለት መደበኛ ልይይት ቢሰመር፣ በአንዱ ዘርፍ ከመስመሩ በታች የሚወድቁት ከመቶ ሁለት ገደማ ናቸው። ዘርፎቹ ፈጽሞ የማይገናኙ ቢሆኑ ኖሮ ግን ቢያንስ በአንዱ የሚወድቁት ከመቶ 11 ይደርሱ ነበር። በተግባር ስለሚያያዙ ከዚያ ያንሳል፤ ቢሆንም ጤነኛ ልጆች መያዛቸው አይቀርም። ሁሉንም በጀልባ መላክ ሰውን ያሰለቻል፣ ክትትሉንም ይገድላል።

ስለዚህ ካርዱ ላይ «አለፈ፣ ወደቀ» የሚል አይጻፍ። ሦስት ውሳኔ ይበቃል፦ ደህና ነው፤ በጨዋታ እየታገዘ በወር እንደገና ይታይ፤ ዛሬ ይላክ። መሐለኛው ነው አብዛኛውን የሚይዘው። እናቲቱም ባዶ እጇን አትሂድ፤ ልጁ ያልደረሰበትን ነገር የሚያለማምድ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ብቻ፣ ይዛ ትሂድ። በስድስት ወሩ ንጹሕ ማንኪያና ኩባያ ሰጥቶ እንዲያንኳኳና እንዲጥል መተው። በዓመቱ ገደማ ዕቃን ጨርቅ ሥር ደብቆ «የት ሄደ?» ማለት። ከዓመት በኋላ መደራረብ፣ ዕቃ ውስጥ መክተትና ማውጣት፤ የቡና ሲኒዎቹ እንዳይሰበሩ በቆርቆሮ ክዳን ይሁን። ባለሙያዋ በቃል ነግራ አትለፍ፤ እናቲቱ እዚያው ከልጇ ጋር አንዴ ትጫወት፣ ባለሙያዋ ትይ።

ሌላው፣ ጥያቄ ሲዘለል ነጥቡ ይበላሻል። ደረጃ የለም ብላችሁ ጥያቄውን ስታልፉ 0 አትስጡ። ኤኤስኪው ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከስድስቱ አራቱ ተመልሰው 10፣ 10፣ 5፣ 10 ቢያገኙ ድምሩ 35 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 8.75፣ በ6 ሲባዛ 52.5። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተዘለሉ ግን የዚያ ዘርፍ ነጥብ አይሰላም።

መዝገቡ ላይ፣ ኬላዎቹ ከቤተሰብ ማህደሩ ያወጡትን የቀጠሮ ካርድ በወር በወር የሚያስቀምጡበት ቲክለር ሳጥን አላቸው። «በወር ይታይ» የተባለው ልጅ ካርድ በሚቀጥለው ወር ክፍል ይግባ። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ለሚጥለቀለቅበት ኬላ ግን የሐምሌና የነሐሴ ቀጠሮዎች አስቀድመው ወደ ሰኔ ይሳቡ፤ ያልተሳበው ወደ መስከረም መሻገሩ አይቀርም፣ ያኔም ዕድሜው እንደገና ይሰላ።

ዘጌ ማዶ

ሁሉንም ጽፌዋለሁ፣ ክበሩልኝ። አንድ የቀረኝ፦ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ዕድሜ እንዴት ይያዝ? አብዛኞቹ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን አያውቁትም።

መልስ፦ የኬላ ጉዳይ

ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀድሞ ከተወለደ፣ የቀደመበትን ሳምንት ከዕድሜው ቀንሱ፤ ይህን እስከ 2 ዓመቱ ብቻ ታደርጋላችሁ። በ34 ሳምንት የተወለደ ልጅ ከ40 ሳምንት 6 ቀድሟል፤ ተወልዶ 36 ሳምንት ከሞላው ለእንቅስቃሴና ለንግግር የምታዩት እንደ 30 ሳምንት ልጅ ነው።

ቀኑ ካልታወቀ የእርግዝና ክትትል ካርዱን ፈልጉ፤ አልትራሳውንድ ካለ እሱ ይቀድማል፣ ከሌለ የማሕፀን ቁመት የተለካበት አለ። ካርድም ከሌለ «አበባሽን ለመጨረሻ ያየሽው ከፍልሰታ በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ በጾምና በበዓል አስጠጉት። ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ስለሆነ ብቻ «ያለ ቀኑ ነው» አትበሉ፤ ቀኑን ሞልቶ ቀጭጮ የተወለደ ሊሆን ይችላል። በምንም ካልተገኘ ዕድሜውን አትቀንሱ፤ ካርዱ ላይ «ያለ ቀኑ ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ጻፉና በወር ድገሙት። ክትባቱ ግን በተወለደበት ቀን ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው፤ እዚያ ላይ ምንም አይቀነስም።